ሁለተኛው እርምጃ

ታዴየስ ፔቲግሩ ዶንትሬልን ደረቱ ላይ ሲመታው ኳሷ ከእጁ ከወጣች ቆይታ ነበር። ታዴየስ ግን ግድ አልሰጠውም፤ ከመሬት አንሥቶ በጀርባው አነጠፈውና መቶ ኪሎውን ሙሉ ጣለበት። ዶንትሬል ትንፋሹ ከሳንባው ተሟጦ ወጣ። ዓይኑን ሲገልጥ ከሄልሜቱ ብረት ጀርባ የታዴየስን ዓይኖች አየ። ትልልቅ ናቸው፣ ሽፋሽፍታቸው ረጅም ነው፤ ቁርጥ የእኅቱን። ከጎድን አጥንቱ ይልቅ ያመመው ይህ ነበር።

«ተነሥ እንጂ» አለው ታዴየስ ጉሮሮውን በክርኑ እየተጫነ። «ገና መጀመራችን ነው።»

ዳኛው ጥፋት ነው ብሎ ቢጫ ጨርቁን ወረወረ፤ ሕዝቡም ግማሹ ዳኛውን፣ ግማሹ ታዴየስን ሰደበ። ዶንትሬል ሙዲ ተንገዳግዶ ተነሣና ወደ ሰልፉ ተመለሰ። በሚሲሲፒ ዴልታ፣ በአሜሪካን ፉትቦል ኳርተርባክ የሆነ ሰው ሥራው ጨዋታውን መምራት ብቻ አይደለም፤ ደሙን እየዋጠ ፈገግ ማለትም የሥራው አንድ ክፍል ነው።

የእነ ዶንትሬል ኮሌጅ ዓመቱን ሙሉ የኖረው በአንዲት ጨዋታ ነው። ኳሷ ከመሐል ትመጣለታለች። እሱ አጠገቡ የሚሮጠው ልጅ ሆድ ላይ ያስጠጋታል፤ ግን አይለቃትም። በዚያች ቅጽበት ኳሷንም ሯጩንም አያይም። የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከተቃራኒው ቡድን የፊት ሰልፍ ጀርባ የሚቆመውን ተከላካይ፣ ላይንባከሩን። ያ ሰው ሯጩን ሊይዝ ወደ ፊት ከመጣ፣ ኳሷን ከሯጩ ሆድ መንጠቅና ሰውየው ትቶት በመጣው ባዶ ቦታ ለተቀባዩ መወርወር ነው። ቦታውን ይዞ ከቀረ ደግሞ ለሯጩ መልቀቅ ነው። ሰውየውን ከዶንትሬል ወገን ማንም እንዳይነካው የታዘዘ ነው፤ ሆን ተብሎ ነጻ ይተዋል፤ የፈለገውን ሲያደርግ ኳርተርባኩ ያነበዋል። ንባቡም የሚያልቀው ሰውየው የመጀመሪያ እርምጃውን ሲያነሣ ነው።

ዛሬ ያ ሰው ታዴየስ ነበር።

ሁለቱ የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው። ቤልሆሎ ተወልደው፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአንድ ቡድን ተጫውተው፣ በአንድ ሳህን በልተው ያደጉ። ዶንትሬል የታዴየስን እኅት ኪያንድራን ያወቃትም በእነሱ ቤት ነው። ታዴየስን ፍለጋ ሲሄድ በሩን ትከፍትለታለች፤ «የለም» ትላለች፤ መኖሩን ያውቃል፤ መኖሩን እንደሚያውቅ ታውቃለች፤ ሁለቱም ሳይንቀሳቀሱ በሩ ላይ ይቆማሉ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ነገር ሁለት ዓመት ሞላው። ሁለቱ ጓደኛሞች ተለያይተው ተፎካካሪ ኮሌጆች ሲገቡ እንኳ አልበረደም።

አባቷ ግን ሚስተር አምብሮዝ ፔቲግሩ ናቸው። በቤልሆሎ ጥቁር ሕዝብ ዘንድ ከሳቸው በላይ የተከበረ የለም። የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት የሳቸው ነው፤ ረጅሙ ጥቁር መኪና የሳቸው ነው፤ ሰው በሞተ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠራው የሳቸው ስም ነው። የዶንትሬል እናት ሚስ ኤርሊን ደግሞ ከተማው ዳር ባለው የአምባዛ ፋብሪካ ዓሣ ትበልታለች። ሽታው ቢታጠብ አይለቅም። ሚስተር ፔቲግሩ ይህን ሽታ ለይተው ያውቁታል፣ አይወዱትምም።

ክፉው ቀን የዶንትሬል አያት የተቀበሩ ዕለት ነው። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጦ የተጠበሰ ዶሮውን ይበላል። አንዲት ነገር የማያመልጣቸው አሮጊት፣ ኪያንድራ ለዶንትሬል ሳህን ስታቀርብለት አዩና፣ ለቅሶውን ለማቅለል ብለው ነው መሰለኝ፣ ሠርጉ መቼ ነው ሲሉ ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ። ሚስተር ፔቲግሩ አልሳቁም። ከተቀመጡበት ተነሡ፤ በዚያ ለቀብር በሚያውሉት ለስላሳ ድምፅ ተናገሩ።

«የእናንተን ሬሳ ስንት ጊዜ ተሸክሜአለሁ፤ ሥራዬ ነው» አሉ፣ ሚስ ኤርሊንን ዓይን ዓይኗን እያዩ። «የእናንተን ኑሮ ግን ልጄ አትሸከምም። እጇ ዓሣ ዓሣ እንዲሸት አላሳደግኳትም።»

ሹካ የያዘ ሁሉ ሹካውን እንደያዘ ቀረ። ሚስ ኤርሊን እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች። ይህን አይቶ የዶንትሬል ደም ፈላ። ቀና ብሎ ኪያንድራን አያት። ሳህኑን አስቀመጠች። ዞረች። ወደ አባቷ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች።

ከዚህ በኋላ ምን ማየት ያስፈልገዋል? ዶንትሬል ሰው ማንበብ ሙያው ነው። የመጀመሪያ እርምጃዋን አየ፤ ወዴት እንደሆነ አየ፤ በቃው። ወንበሩን ገፍቶ ወጣ፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ኮሌጁ ሄደ። ደወለች፣ አላነሣም። ጻፈችለት፣ ሳያነብ አጠፋው። እናቱ ደውላ ስለዚያች ልጅ የምነግርህ አለኝ ስትለው፣ የእነሱን ቤት ስም እንዳታነሺብኝ ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። ዛሬ ደግሞ ከዚያው ቤት የሆነው ታዴየስ በትከሻው እየፈጨው ነው፤ ለምን እንደሚፈጨው አያጠራጥርም፤ የድሃ ልጅ እኅቴን ነካ ብሎ ነው። እንዲህ ነበር ያነበበው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሜዳው ላይ ፀሐይ አለች። ማዶ ካለው ተመልካች መካከል አንድ ቢጫ ካፖርት ታየው። ሊያየው አልፈለገም፤ ዓይኑ ግን ሄደ። ኪያንድራ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ኳሷን ሲከተል እሷ የምታየው እሱን ነው። ፊቷ ላይ ያለውን ሊያነብ ሞከረ፤ አልቻለም። ፊቱን አዞረ።

እስከ ዕረፍት ድረስ ዶንትሬል በታዴየስ እንደ ልቡ ተጫወተበት። ታዴየስ ወደ ሯጩ ሲንደረደር ዶንትሬል ኳሷን ነጥቆ ከጀርባው ይወረውራል፤ ታዴየስ ተናዶ ሲቀር ለሯጩ ይለቃል። ሁለት ጊዜ የነጥብ መስመሩን አልፈው ገቡ። ታዴየስም ዋጋውን አስከፈለው። ኳሷ ሄደች አልሄደች ሳይል ይመታዋል። አንዴ ጎኑን፣ አንዴ ጉልበቱን፣ አንዴ ሄልሜቱን በሄልሜቱ። ዶንትሬል ከንፈሩ ተተርትሮ አፉ በደም ጣዕም ሞላ። ከታዴየስ ስር ተኝቶ እንኳ አፉ አላረፈም።

«አባትህ ሣጥኔን ለክተዋል እንዴ?» አለው። «ወይስ አንተ ነህ ለኪው?»

«አንተን በካርቶን ነው የምንቀብርህ» አለው ታዴየስ።

በዕረፍቱ አሰልጣኝ ግሪየር ከንፈሩን አይተው ልቀይርህ ወይ አሉት፤ ቢቀይሩኝ ቡድኑን እለቃለሁ አላቸው። ሰውየው ጉንጫቸውን አክከው ተዉት። ታዴየስን ብቻ እያነበብክ ከጀርባው ወርውር አሉት፣ ልጁ ተቆጥቷል፣ የተቆጣ ሰው ይሮጣል።

ታዴየስ ግን ከዕረፍት ሲመለስ ተረጋግቶ ነበር።

ኳሷ መጣች። ዶንትሬል ሯጩ ሆድ ላይ አስጠጋት፤ ዓይኑን ታዴየስ ላይ ተከለ። ታዴየስ ወደ ፊት ተራመደ። ዶንትሬል ለማሰብ እንኳ አልቆመም፤ ነጠቃት፣ ወረወራት። ኳሷ ከጣቱ ስትለቅ ነው ያየው፤ ታዴየስ አልመጣም። አንድ እግሩን ብቻ ወደ ፊት ጥሎ በሌላው ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ባዶ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ ኳሷን እንደ ራሱ ንብረት በሁለት እጁ ተቀበላት። ከዚያ ይዟት ሮጠ።

ዶንትሬል ተከተለው። ደርሶ በወገቡ ሊይዘው ሲዘረጋ፣ ከጎን ያላየው አንድ ግዙፍ ልጅ በሙሉ ሩጫ ገባበት። ሄልሜቱ ከራሱ ወልቆ ሄደ፤ እግሮቹ ከመሬት ተነሡ፤ ታዴየስ እግር ሥር በጀርባው ወደቀ። ታዴየስ ሩጫውን ሊያቆም ሞክሮ ተሰናከለና ጉልበቱ መጥቶ የዶንትሬል አፍንጫ ላይ አረፈ። የሚሰበር ነገር ድምፅ ሰማ። የሱ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ደሙ በአፍንጫው፣ በአፉ፣ በአንገቱ ወረደ፤ ሣሩ ቀላ።

ሁለቱም ተጋድመው ፊት ለፊት ቀሩ። ታዴየስ ኳሷን እንዳቀፈ ነው።

«እንዲህ ነህ አንተ» አለ ቁና ቁና እየተነፈሰ። «አንድ እርምጃ ታይና ትሮጣለህ። ቀጥሎ ያለውን አታይም። እኅቴንም ያደረግካት ይህንኑ ነው።»

«እኅትህ ከአባትህ ጋር ቆማለች» አለ ዶንትሬል። ቃሉ ከደም ጋር ነው የወጣው።

«አባቴን ጎትታ ልታስወጣው ነው የሄደችው፤ አንተ ደንቆሮ!» የታዴየስ ድምፅ ተሰነጠቀ። «አስወጣችው። ደጅ ላይ ለሰው በማይነገር ቃል ተናገረችው፤ እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። ተመልሳ ገባች፤ አንተ የለህም። እናትህ ግን አለች። እኅቴ ምሽቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ አመሸች። ከዚያ ወዲህ ምግብ አትበላም፤ ግድግዳው ሥሥ ነው፤ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ድሃ ስለሆንክ መሰለህ የምመታህ? ጥለሃት ስለሄድክ ነው።»

የቡድኑ ሐኪም ደርሶ ዶንትሬልን ሲያነሣው፣ እሱ አልተነሣም ማለት ይቻላል። እግሮቹ ቆሙ እንጂ እሱ እዚያው ሣሩ ላይ ቀርቶ ነበር። የእናቱ ድምፅ ስልኩ ውስጥ ሲጀምርና ሲቆረጥ ሰማ። የተደበቁት እጆች ታዩት፤ አሁን ግን ሌሎች ሁለት እጆች ይዘዋቸዋል። እፍረት ከአፍንጫው ስብራት በላይ ፊቱን አቃጠለው። ማዶ አየ። ቢጫው ካፖርት ቆሟል፤ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጓል።

አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቁበት፤ ሄልሜቱን መለሱለት። ዳኞቹ ራሱን እንዳልሳተ ሊያዩ ነቀነቁት፣ ስምህ ማነው አሉት፣ ነገራቸው። አሰልጣኙ ውጣ አሉት፤ አልወጣም አለ። የፈራው ሽንፈትን አልነበረም። ከሜዳው ከወጣ ዛሬም ጥሎ የሄደ ይመስለው ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የእነ ዶንትሬል ቡድን በነጥብ ተበልጧል፤ መስመሩ ግን ቅርብ ነው። አንዲት ዕድል ቀርታለች። አሰልጣኙ ያችኑ ጨዋታ አዘዙ። ዶንትሬል ከሰልፉ ኋላ ቆሞ ታዴየስን ተመለከተው፤ ታዴየስም እሱን። አንዱ የሌላውን ሐሳብ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል።

ኳሷ መጣች። ሯጩ ሆድ ላይ አስጠጋት። ታዴየስ ወደ ኋላ ተራመደ። ቦታዬን ይዤ ቀርቻለሁ፣ ለሯጩ ልቀቃት ማለቱ ነው። የዶንትሬል እጅ ሊለቅ ፈለገ፤ የሰለጠነበት ይህ ነው። አልለቀቀም። ጠበቀ። መጠበቅ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የፊት ሰልፉ እየተሰበረ ነው፣ ግዙፎቹ እየተላቀቁ ወደሱ እየመጡ ነው፣ አንዱ ክንዱን ሊይዘው ደርሷል። እሱ ግን ቆሞ ታዴየስን ያያል። ታዴየስም ተመለሰ። በሁለተኛው እርምጃው መሬቱን ረግጦ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ወደ ፊት መጣ፤ ትቶት የመጣው ቦታም ባዶ ሆነ። ዶንትሬል ኳሷን ነጥቆ ወደዚያ ባዶ ወረወራት። ታዴየስ የደረሰውም ያኔ ነው።

ያንን ምት የቤልሆሎ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ሁለቱ ልጆች በአንድነት አየር ላይ ተነሥተው በአንድነት ወደቁ፤ አንድ የጎድን አጥንት ተሰበረ፤ የማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ፈጀ። ዶንትሬል ኳሷ የት እንደደረሰች አላየም። ከጀርባው የመጣው ጩኸት ግን የራሱ ወገን የድል ጩኸት ነበር።

ታዴየስ ጎኑን ይዞ እያቃሰተ ነው። የተሰበረው የሱ ኖሯል።

«ሁለተኛውን እርምጃ አየኸው?» አለው በሥቃይ መካከል።

«አየሁት» አለ ዶንትሬል። «እኅትህ ትሰማኛለች?»

«ትገድልሃለች እንጂ።» ታዴየስ ሊስቅ ሞከረና ጎኑ ከለከለው። «ሂድ ተገደል።»

ኪያንድራ የሜዳው አጥር ጋ ደርሳ ነበር። ሰው እየተቃቀፈ፣ እየተሳደበ በሁለቱም በኩል ያልፋል። ዶንትሬል ሄልሜቱን አውልቆ ፊቷ ቆመ። አፍንጫው ወደ ግራ ተጣሟል፤ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ስታየው ፊቷ ሊሰበር ደረሰ፤ ከዚያ ጠነከረ፤ በሁለት ጡጫዋ ደረቱን ትመታው ጀመር። የትከሻ መከላከያው ድምድም አለ። አልሸሸም።

«ምን አየህ?» አለችው። «ንገረኝ፤ ምን አይተህ ነው የሄድከው?»

«ጀርባሽን።»

«ጀርባዬን! ሁለት ዓመት ፊቴን አይተህ ጀርባዬን አመንክ?» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «አባቴን ደጅ አውጥቼ ‹የማገባው እሱን ነው፤ እናቱን ዳግመኛ ብትናገር ከቤትህ እወጣለሁ› አልኩት። በሕይወቴ አባቴን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ልነግርህ እየሮጥኩ ገባሁ፤ ወንበርህ ባዶ ነው። ያንን ባዶ ወንበር ታውቀዋለህ? እኔ አውቀዋለሁ። በየቀኑ አየዋለሁ።»

ዶንትሬል ያሰበው ንግግር ነበረው፤ ከደሙ ጋር ፈሶ አለቀ። «ይቅር በይኝ» ማለት ብቻ ተረፈው።

«ዛሬ አልልህም» አለች። ከዚያ ግንባሯን ደም የጠጣው ማልያው ላይ አስደገፈች። «ነገ ግን ና። ነገ ባልልህም ከነገ ወዲያ ና።»

ጥቁር ጫማ ሣሩን እየረገጠ መጣ። ሚስተር ፔቲግሩ ናቸው፤ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ ፊታቸው እንደ መቃብር በር እንደ ተዘጋ። ኪያንድራ ቀና አለች፤ ከዶንትሬል አጠገብ ግን ንቅንቅ አላለችም። እሱም አልተነቃነቀም።

«ሚስተር ፔቲግሩ» አለ ዶንትሬል፣ ድምፁ በተደፈነ አፍንጫ እየተጉተመተመ። «ልጅዎን እወዳታለሁ። ላገባት ልጠይቅዎም እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን እናቴን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። በሰው ፊት እንደ ተናገሯት በሰው ፊት።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ያዙት። ዶንትሬል ሊመቱኝ ነው ብሎ ጥርሱን ነከሰ።

«ማን ነው የሰበረው?» አሉ አውራ ጣቶቻቸውን አፍንጫው ግራና ቀኝ እያሳረፉ።

«ወንድ ልጅዎ።»

«አሳምሮ ሰብሮታል» አሉና በአንድ ጊዜ ገፉት። አጥንቱ ቋ ብሎ ቦታው ገባ። ዶንትሬል የጮኸው ጩኸት መኪና ማቆሚያው ድረስ ተሰማ፤ ኪያንድራ ደገፈችው።

«ስንት ልጅ ፊት አስተካክያለሁ፤ አንድም ጮኾብኝ አያውቅም» አሉ ሚስተር ፔቲግሩ። ድምፃቸው የቀብሩ ድምፅ አልነበረም፤ ሻከር ያለ፣ የራሳቸው ድምፅ ነበር። «በሕይወት ያለ ሲሆን እንዲህ እጅ እንደሚያንቀጠቅጥ አላውቅም ነበር።»

ሚስ ኤርሊን የልጇን ጩኸት ሰምታ ከሰው መካከል እየተጋፋች መጣች፤ ከሥራ ነው የመጣችው፤ የፋብሪካውን ቦት እንኳ አላወለቀችም። ሽማግሌው አዩዋት። በልጇ ደም የራሰ እጃቸውን ሊጠርጉ መሐረብ አወጡ፤ ሳይጠርጉ መልሰው ከተቱት። ኮፍያቸውን አወለቁ። ይህን ያየ ሰው ዙሪያውን ቆመ።

«ሚስ ኤርሊን» አሉ። «የልጅሽን አፍንጫ አቅንቼልሻለሁ። የኔን አፍ ግን የሚያቀናልኝ አጣሁ። ያን ቀን የተናገርኩት ነውር ነው። ይቅር በይኝ።»

ሚስ ኤርሊን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። እጆቿን ዛሬ አልደበቀችም።

«እኔ አቀናልዎታለሁ፣ ሚስተር ፔቲግሩ» አለች። «ቢላዋ ላይ እጄ ጥሩ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ኪያንድራ ናት። እያለቀሰች ነው የሳቀችው፤ ሁለት ዓመት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው የነበረው ሳቅ ነው። ዶንትሬል ዓይኑ በእንባ ሞላ። አፍንጫዬ ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ አየችው፤ መዋሸቱን ተወውና ፊቷን እያየ አለቀሰ።